ከቤት የሚታየው ተራራ ይበቃል ወይ? የአንድ ረጅም ክርክር ዘገባ

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ይህን ክር፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ሥር የተከታተሉትን ምላሾች፣ የከፈተው ሰው ጥያቄ የሚያቀርብ መስሎ ገባ እንጂ ይዞ የመጣው ፍርድ ነበር። ከቤቱ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ግርጌው የሚደርስበት ተራራ እንዳለው፣ በሳምንት ውስጥ ነጻ የሚሆነው ለግማሽ ቀን ብቻ እንደሆነ፣ ያንኑ ተረተር ደጋግሞ በመውጣቱም እንደሰለቸው ከገለጸ በኋላ፣ በመስኮት የሚታይ ተራራ ላይ መውጣት እግርን ማፍታታት እንጂ ጀብዱ ሊባል እንደማይገባው፣ እውነተኛውን የተራራ ጉዞ የሚያውቁትም ረጅም ዕረፍትና በቂ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ደመደመ። በመጨረሻው መስመር ላይ ግን ሐሳቡን የሚያስለውጠው ሰው ቢገኝ ለመስማት ፈቃደኛ መሆኑን ጨመረ። ክሩን ያስረዘመችው ይህች መስመር ትመስለኛለች።

1ኛው መላሽ ትሑት ሰው ነበር። ጠያቂውን እርስዎ እያለ፣ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ መቆጠሩ የቆየ ነገር መሆኑን አስታውሶ፣ መሰልቸቱ ከተራራው ሳይሆን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድና በአንድ ፍጥነት ከመውጣት የመጣ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ። እርሱ ራሱ በቅርቡ ያለውን ተራራ አንዳንዴ ጎህ ሳይቀድ፣ አንዳንዴ በጀርባው በኩል እንደሚወጣ፣ አንዳንዴም ጫፉን ፈጽሞ ሳይነካ ወገቡን ብቻ ዞሮ እንደሚመለስ፣ ፀሐይ በሚመታው ወገንና በጥላው ወገን የሚበቅለው ተክል የተለያየ መሆኑን እንኳ ያወቀው ከብዙ ምልልስ በኋላ እንደሆነ ተረከ። በሌሊት መሄድ ለሚፈልጉም ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሚወስድበት፣ ነጭ መብራትን ለአፍታ ማየት ደግሞ ያንን ሁሉ ትዕግሥት ከንቱ እንደሚያደርገው አስጠነቀቀ።

2ኛው ተስማምቶ ታሪክ ጨመረበት። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ እ.ኤ.አ. በ1336 እንደወጣው የሚነገርለት በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘው የቬንቱ ተራራ ከፍታ 1,900 ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን፣ ባለቅኔውም ከልጅነቱ ጀምሮ በዓይኑ ሲያየው የኖረ ተራራ እንደነበር ገልጾ፣ በተራራ መውጣት ታሪክ ውስጥ ስሙ ዘወትር የሚነሳ ጉዞ የጎረቤት ተራራ ጉዞ ከሆነ ሌላው ሰው በቅርቡ ባለው ተራራ የሚያፍርበት ምክንያት እንደማይታየው ጻፈ። 3ኛው ግን ይህን ማስረጃ በጥንቃቄ መያዝ እንደሚገባ አሳሰበ፤ ታሪኩ የሚታወቀው ባለቅኔው በጻፈው ደብዳቤ ብቻ እንደሆነ፣ ደብዳቤው የተጻፈው ከተባለው ቀን ብዙ ዓመታት ዘግይቶ እንደሆነ የሚያምኑ ሊቃውንት መኖራቸውን፣ ጉዞው በእርግጥ ተደርጎ እንደሆነም የሚጠራጠሩ እንዳሉ አስረዳ። እርማቱ ትክክል ነው፤ የ2ኛውን ነጥብ ግን የሚያፈርሰው አይመስለኝም። ጉዞው በፈጠራ የተጻፈ ቢሆን እንኳ፣ ጸሐፊው ለፈጠራው የመረጠው ከሩቅ የሰማውን ሳይሆን በየቀኑ የሚያየውን ተራራ ነበር።

4ኛው ምላሽ የክሩን ቃና አከበደው። ጸሐፊዋ ስለ ውበት የሚወራው ሁሉ መልካም መሆኑን ሳትክድ፣ ሰዎች የሚጎዱት ግን አብዛኛውን ጊዜ የቅርቡን ተራራ ስለሚንቁት መሆኑን በራሷ ላይ በደረሰ ነገር አስረዳች። ከጓደኛዋ ጋር ከሥራ በኋላ ወደሚያውቁት ጉብታ የወጡት በስስ ሸሚዝ፣ ያለ ባትሪና ያለ በቂ ውኃ ነበር፤ የት እንደሄዱ ለማንም አልተናገሩም፤ ምክንያቱም ለእነርሱ ይህ ጉዞ ሳይሆን ቶሎ ደርሶ መመለስ ነበር። ሲወርዱ ጓደኛዋን ኮረት አንሸራተታትና ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወለምታ ደረሰባት፤ ከተረተሩ ጀርባ ስለነበሩ ስልካቸው አልሠራም፤ በተለመደው ቀን አንድ ሰዓት የማይሞላውን ቁልቁለት ተደጋግፈው ሲጨርሱ እኩለ ሌሊት ሆነ። ወደ ሩቅ ተራራ ቢሄዱ ኖሮ የማይረሷቸውን ነገሮች ሁሉ የረሱት ቤታቸው ስለሚታያቸው ብቻ እንደነበር በምሬት ጻፈች።

5ኛው መላሽ ጥቂት ችኩል ነበር። የዘመኑ ስልኮች ቦታን ስለሚያመለክቱ እንዲህ ያለ ችግር ሊኖር እንደማይገባው ተከራከረ። 6ኛው ጉዳዩን ለየለት፦ ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ስለሆነ የስልክ መረብ ባይኖርም ይሠራል፤ ነገር ግን ራስ ያለበትን ማወቅና ለሌላ ሰው ማሳወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ካርታውም አስቀድሞ ካልወረደ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ባዶ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ነጥብ ብቻ ነው። ብርድ የስልክን ባትሪ ቶሎ እንደሚያደክም ጠቅሶም፣ ስልኩን በውጭኛው ኪስ ሳይሆን ከሰውነት አጠገብ መያዝን መከረ። 7ኛው ፊሽካን አነሳ። እንግሊዛዊው ተራራ ወጪ ክሊንተን ዴንት እ.ኤ.አ. በ1894 ያቀረበውና በአልፕስ ተራሮች የተለመደው የድረሱልኝ ምልክት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት ወይም መብራት ማብራት፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ እንደገና መጀመር እንደሆነ፣ የሰማው ሰው የሚመልሰውም በደቂቃ ሦስት ጊዜ እንደሆነ አስረዳ። ዋጋው ኢምንት የሆነ ነገር ሆኖ ሳለ ብዙዎች በቦርሳቸው የማይዙት መሆኑ እኔንም ይገርመኛል።

ክሩ ወደ ቁም ነገሩ የገባው በ8ኛው ምላሽ ነው። ይህ ሰው ስለ ጀብዱ ምንነት መከራከሩን ትቶ፣ ጠያቂው በግማሽ ቀኑ ምን ያህል መሄድ እንደሚችል አስልቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀና፣ ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ኔስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣውን ቀመር አቀረበ። በእርሱ መሠረት ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ይያዛል፤ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። 8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 600 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ እንግዲህ 2 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይፈልጋል ማለት ነው። 9ኛው በጨዋ አነጋገር ተቃወመ፤ የመጀመሪያው ቀመር በማይልና በጫማ የተሰላ ስለነበር እነዚህ ቁጥሮች የተጠጋጉ መሆናቸውን፣ ስሌቱም በደህና መንገድ ላይ ሳያርፍ ለሚሄድ ጠንካራ ሰው እንጂ ልጅ ይዞ ወይም ሸክም ተሸክሞ ለሚወጣ እንደማይሠራ፣ እርሱ ራሱም አንድ ቀን እንኳ በቀመሩ ሰዓት ደርሶ እንደማያውቅ አስታወቀ።

10ኛው መላሽ ለዚህ ማሻሻያ እንዳለው አስረዳ። ኤሪክ ላንግሚዩር የተባለው የተራራ አስተማሪ ቁልቁለቱንም በስሌቱ ውስጥ አስገብቶት ነበር፦ ከ5 እስከ 12 ዲግሪ በሚያዘነብል ለስላሳ ቁልቁለት ለእያንዳንዱ 300 ሜትር 10 ደቂቃ ይቀነሳል፤ ከ12 ዲግሪ በላይ በሆነ ዘቅዛቃ ግን ያው 10 ደቂቃ ይጨመራል፤ ምክንያቱም እንዲህ ባለው ስፍራ እግር ሥራው መሄድ ሳይሆን ፍሬን መያዝ ይሆናል። 11ኛውም የጂኦግራፊ ምሁሩ ዋልዶ ቶብለር እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበውን ቀመር ጨመረ፤ በእርሱ መሠረት ሰው በፍጥነት የሚራመደው በሜዳ ላይ ሳይሆን በቀላል ቁልቁለት ላይ ነው፤ በሜዳ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ሰው በዚያ 6 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ግን ይኸው ሰው ከቀመሮቹ ሁሉ የሚበልጥ ነገር ተናገረ። ከእነዚህ ስሌቶች መካከል የአንድን ሰው እግር የሚያውቅ እንደሌለ፣ የራስን ቁጥር ማግኘት የሚቻለውም አንዱን መንገድ ደጋግሞ በመሄድ ብቻ እንደሆነ ጠቅሶ፣ እርሱ በሚያዘወትረው ተራራ ላይ አንድ የታወቀ ቋጥኝ አጠገብ ሲደርስ ሁልጊዜ ሰዓቱን እንደሚመዘግብ፣ በዚህም እንቅልፍ ማጣት፣ የቀን ሙቀትና የቦርሳ ክብደት እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚያዘገዩት ማወቅ እንደቻለ ገለጸ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጡት ሩቅ ተራራ ይህን ሊያስተምር አይችልም፤ የደከመው ሰውየው ይሁን፣ መንገዱ ይሁን ከባዱ፣ መለየት የሚቻልበት መስፈሪያ የለምና።

የጠያቂውን ቅሬታ በእርግጥ የመለሰው ይህ ምላሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ጠያቂው እንደ ጉድለት የቆጠረው መደጋገም ለ11ኛው መላሽ ዋናው ሀብት ነው፤ ሩቅ ለመሄድ የሚያስብ ሰውም ቢሆን ምን ያህል ውኃ እንደሚጠጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚዝል፣ ጫማው የት ላይ እንደሚልጠው ማወቅ ያለበት ተመልሶ ቤቱ መግባት በሚችልበት ስፍራ ነው። ከዚህ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ምላሾች ይህን ሐሳብ ሳያነቡት ማለፋቸው ያሳዝናል።

12ኛው መላሽ ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ስለሚቀንስ ወፍራም ልብስ መያዝ ግዴታ መሆኑን አስታወቀ። 13ኛው አማካዩ 6.5 ዲግሪ እንደሆነ፣ ወደ 10 የሚጠጋው ቁጥር የሚሠራው ወደ ላይ ለሚወጣ ደረቅ አየር መሆኑን አርሞ፣ ቁጥር የሚጠቅስ ሰው ከመጻፉ በፊት ማረጋገጥ እንዳለበት አከለ። እዚህ ላይ ነው እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲባባሉ የቆዩት ሰዎች አንተ መባባል የጀመሩት። 14ኛው ሁለቱንም አፌዘባቸው፦ 400 ሜትር ብቻ ከፍ በሚል ጉብታ ላይ ልዩነቱ ሦስት ዲግሪ እንኳ እንደማይሞላ፣ ሰውን የሚያንዘፈዝፈው የዲግሪ ክርክር ሳይሆን በላብ የራሰ የጥጥ ልብስና ነፋስ መሆኑን በኃይለ ቃል ጻፈ። 13ኛው ተመልሶ በ15ኛው ምላሽ፣ የውስጥ አካል ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደገኛው ቅዝቃዜ እንደሚጀምር፣ ለዚህም አየሩ ውኃ የሚያረጋ መሆን እንደማያስፈልገው፣ እርጥበትና ነፋስ ብቻ ሊበቁ እንደሚችሉ በቁጣ አስረዳ። ሁለቱ አንድ ነገር እየተናገሩ እንደተጣሉ ልብ ያለ ሰው አልነበረም። 16ኛው ጠቡን ለማብረድ ይመስላል ስለ መብረቅ አስገባ፤ ብልጭታው ከታየበት እስከ ነጎድጓዱ ያለው እያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት እንደሚያመለክት፣ ነጎድጓድ ከተሰማ ግን ቆጠራ ላይ ሳይቆዩ ከተረተሩ መውረድ እንደሚገባ፣ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ላይ መመለስ እንደማይመከር ጻፈ።

17ኛው ምላሽ የራሱ የጠያቂው ነበር። ምስጋናውን አቅርቦ፣ የተነገረው ሁሉ ስለ አካሄድ እንጂ ስለ ደስታ እንዳልሆነ፣ እርሱ ማወቅ የፈለገው ይህ ትንሽ ተራራ ለሰው መንፈስ ምን እንደሚያደርግ መሆኑን ገለጸ። 18ኛዋ መላሽ በእንግሊዝ አገር ወደ 20,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ጠቀሰች፤ በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ በተፈጥሮ ውስጥ ያሳለፉ ሰዎች ጤናቸው ደህና መሆኑንና በኑሯቸው ደስተኛ መሆናቸውን የመናገር ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ እንደነበር፣ ሰዓቱ በአንድ ጉዞ ይሁን በተከፋፈሉ ጉዞዎች ልዩነት እንዳልታየ አስረዳች። የጠያቂው ግማሽ ቀን ከዚህ መስፈርት በላይ መሆኑ ለእርሷ በቂ መልስ ነበር። 19ኛው ግን ለአንድ አፍታ አላሳረፋትም፤ የታመመ ሰው ከቤት ስለማይወጣ የወጡት ጤነኛ መሆናቸው ምንም እንደማያስረዳ፣ አብሮ መታየትን እንደ ምክንያት መቁጠር ከተማረ ሰው የማይጠበቅ ስሕተት እንደሆነ እየነቀፈ ጻፈ። 20ኛው ሮጀር ኡልሪች እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመውን ጥናት አቀረበ፦ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በሽተኞች መካከል በመስኮታቸው ዛፎች የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል የወጡ ሲሆን፣ የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር። 19ኛው ተመልሶ በ21ኛው ምላሽ፣ አልጋ ላይ ተኝቶ ዛፍ ማየትና ዳገት መውጣት የማይገናኙ ነገሮች መሆናቸውን፣ ይህ ጥናት የሚያስረዳው ነገር ቢኖር ተራራውን ከመስኮት ማየቱ ብቻ እንደሚበቃ መሆኑን በማሾፍ ገለጸ። 22ኛዋ ደግሞ የ2019ኙ ጥናት የቆየ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለይቶ ሲመለከትም ተመሳሳይ ውጤት ማግኘቱን አስታወሰች፤ ይህ የ19ኛውን ጥርጣሬ ያቀልለዋል እንጂ አያስወግደውም። ጠያቂው ስለ ደስታ ጠይቆ ስለ ማስረጃ ሚዛን ረጅም ትምህርት ማግኘቱ የዚህ ክር ዕጣ ሆነ።

23ኛው ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ ይሻል እንደሆነ ጠይቆ ማንም አልመለሰለትም። 24ኛው በተራራ ላይ በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ የሚያሰሙ ሰዎችን ረገመ፤ ለዚህ ሰባት ሰዎች የድጋፍ ምልክት አኖሩ፤ በክሩ ውስጥ ይህን ያህል ስምምነት ያገኘ ሌላ ሐሳብ የለም።

25ኛዋ መላሽ እስከዚህ ድረስ የተዘለለ ነገር አነሳች። የቅርብ ተራራ ብዙውን ጊዜ የሰው መሬት፣ የከብት ግጦሽ ወይም የተከለለ ደን እንደሚሆን፣ በሩቅ ፓርክ መግቢያ ላይ ያለ ማጉረምረም የሚታዘዘው ሰው ለጎረቤቱ አጥር ግን ደንታ እንደማይሰጠው ታዘበች፤ የተዘጋ በር ዘግቶ ማለፍንም አሳሰበች። 26ኛው ይህን እንደ ባለመሬት ጥብቅና ቆጥሮ ተቆጣና፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1932 በማንቸስተርና በሼፊልድ ከተሞች መካከል ወደሚገኘው ኪንደር ስካውት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የባለመሬቶችን ክልከላ ጥሰው እንደወጡ፣ ከእነርሱም አምስቱ እንደታሰሩ፣ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1949 የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ያወጣችውም ከዚህ የተነሳ እንደሆነ ጻፈ። እነዚያ ሰዎች የጠየቁት የሂማላያን ሳይሆን ከፋብሪካቸው ጀርባ ያለውን ኮረብታ መሆኑ ከርዕሱ ጋር በጣም የሚገጥም ነበር። 27ኛው ሁለቱን ለማስታረቅ ሞከረ፤ ሕጉ የብዙ ዓመታትና የብዙ ማኅበራት ጥረት ውጤት እንጂ የአንድ ቀን ሰልፍ ፍሬ እንዳልነበረ ካረመ በኋላ፣ የመሄድ መብት ያለው ሰውም ቢሆን ጥምዝምዙን መንገድ በአቋራጭ መቁረጥ እንደሌለበት አሳሰበ። ሰው በቀጥታ የወረደበት መስመር በሚቀጥለው ዝናብ የጎርፍ መውረጃ እንደሚሆን፣ ጭቃውን በጎን መዞርም መንገዱን በየጊዜው እንደሚያሰፋው፣ ስለዚህ ጫማን አበላሽቶ በመካከል ማለፍ የተሻለ እንደሆነ አስረዳ። በየሳምንቱ በሚወጡበት ተራራ ላይ ጉዳቱን የሚያዩት ራሳቸው ወጪዎቹ ስለሆኑ ምክሩ በዚህ ክር ውስጥ ቦታው ነበር።

28ኛው ምላሽ ከጀማሪ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዳገት ወጥቶ በተመለሰ በማግስቱ ደረጃ መውረድ እስኪያቅተው ጭኑ እንደታመመ፣ ጉልበቱ ተበላሽቶ እንደሆነ እንደፈራ በትሕትና ጠየቀ። 29ኛዋ ወንድሜ ብላ ጀምራ በዝርዝር መለሰችለት። በቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ስለሚይዝ ከዳገቱ ይልቅ የሚጎዳው ቁልቁለቱ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለው ሕመም ዘግይቶ እንደሚመጣና ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚበረታ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያንኑ ቁልቁለት ደግሞ ለሚወርድ ሰውም ሕመሙ በብዙ እንደሚቀንስ አስረዳች። እርምጃን ማሳጠርንና ሁለት ዘንግ መያዝን መከረችው፤ ሕመሙ በጡንቻው ሳይሆን በመገጣጠሚያው ላይ ከሆነ ወይም እብጠት ካለው ግን ከመድረክ ሳይሆን ከሐኪም መጠየቅ እንዳለበት አስጠነቀቀችው።

30ኛው ለዚሁ ጀማሪ የመመለሻ ሰዓት አወጣጥ አስተማረው። ከመነሻ እስከ ጨለማ ያለው ጊዜ በሁለት ሳይሆን በሦስት እንዲከፈል፣ አንዱ ሲሶ ለመውጣት፣ አንዱ ለመውረድ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ እንዲሆን፣ የመጀመሪያው ሲሶ ሲያልቅ ጫፉ በዓይን እየታየ እንኳ ቢሆን ሳይርቅ በቅርቡ እንዲመለስ መከረው። 31ኛው ለዕረፍት የሚቀመጡበት ጊዜ ከየትኛው ሲሶ እንደሚቆጠር ጠየቀ፤ 30ኛውም ከመውጫው እንደሆነ፣ መጠባበቂያው ለጭጋግ፣ ለወለምታና ለጠፋ መንገድ ብቻ እንደሚተው መለሰለት።